የሙሽራው ብርሃን

ለጋብቻ ጥያቄ የመጡት ሽማግሌዎች መልስ ለመስማት በሣር ዳሱ፣ በራኩባው ጥላ ስር ተቀምጠው ነበር። ለተሥላሴ ደግሞ እቤት ውስጥ፣ ከመተማ በፍላሽ በቪዲዮ የተላከላትን ባል በአዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ትመረምር ነበር። ፊቱ ደብዘዝ አለባት። አጎቷ ጋረደው ሪሞቱን ነጠቃትና የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላውን ቁጥር እስከ ጥግ ወሰደው። የሰውየው አፍንጫ በቢላ የተቀረጸ መሰለ፤ በራሱ ዙሪያም ነጭ ብርሃን ወጣ።

«በስመ አብ!» እናቷ አማተቡ። «አክሊል ነው! አንቺ ልጅ፣ ጻድቅ መጥቶልሽ ምን ትመረምሪያለሽ?»

«ኸላስ፣ አለቀ! እሺ በያቸው» አለ አጎቷ፣ ብርሃኑን ራሱ የሠራው ይመስል።

ለተሥላሴ ግን ይበልጥ ተጠጋች። ከሰውየው ኋላ ሰሊጥ የተጫነች አህያ ቆማለች፤ በሁለቱም ጆሮዎቿ ዙሪያ ያው ብርሃን ነበር።

«እምዬ፣ አህያዋም ጻድቅ ናት?»

የእናቷ እጅ ግንባራቸው ላይ ቀረ። ለተሥላሴ ሪሞቱን ከአጎቷ ተቀብላ ቁጥሩን ወደ ነበረበት መለሰችው። ብርሃኑ ከሰውየውም ከአህያዋም ላይ ጠፋ። ቪዲዮው ቀጠለ፤ አህያዋ አንገቷን አስግጋ የሰውየውን ኮሌታ ማኘክ ጀመረች፤ እሱም እንደ ደበዘዘ ከት ብሎ ሳቀ። ለተሥላሴም አብራው ሳቀች።

«በሉ እሺ በሏቸው» አለች። «ግን አህያዋም ትምጣ።»