የሚተኛው መስመር

«እዚህ ጋ እንስሳቱን የሚያቆማቸው ነገር የለም» አለ ዓለምሰገድ፣ እርሳሱን በግራፉ መስመር ወደ ላይ እየነዳ። «ምግብ አለ፣ ቦታ አለ። በበዙ ቁጥር የሚወልዱትም ይበዛሉ። ኤክስፖኔንሻል ማለት ይኼ ነው፤ መስመሩ ከወረቀቱ ይወጣል።»

ልዕልት ደብተሯ ላይ ገለበጠችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ነገ የባዮሎጂ ፈተና አለባት። ዓለምሰገድ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበር። ካይሮ ከተሰደደ ወዲህ ከሚኖርበት ከአይን ሻምስ ሰፈር ወደ ቤታቸው ሄሊዮፖሊስ እየተመላለሰ ያስጠናታል።

ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ሳለ እህቱ መዓዛ ደወለችለት። ታናሽ ወንድማቸው ዳግማዊ ሞቷል። ሕመሙ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። የተቀበረው ከትናንት ወዲያ ነው፤ እንዴት ብላ እንደምትነግረው ስታስብ ቀኑ አልፎባት ነው። «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። መውረጃው ሲደርስ ወረደ፣ ደረጃውን ወጣ፣ ደወሉን ተጫነ። የልዕልት እናት ወይዘሮ ሮማንወርቅ ሻይ አቅርበው ስኳር ስንት እንደሚፈልግ ሲጠይቁት «ሁለት» አለ።

«ሁለተኛው መስመርስ?» አለች ልዕልት።

«ሎጂስቲክ። መጀመሪያ ላይ ከዚያኛው ብዙም አይለይም። በኋላ ምግቡም ቦታውም ሲያጥር ዕድገቱ ይቀዘቅዛል። አካባቢው ሊሸከም የሚችለው ቁጥር ላይ ሲደርስ መስመሩ ይተኛል።»

ልዕልት በተኛው መስመር ላይ ጣቷን አስኬደች፤ እንደ ልማዷ አረብኛ ቀላቀለች። «ያዕኒ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ እዚህ ማንም አይወለድም፣ ማንም አይሞትም?»

«ይወለዳሉ። ይሞታሉም። ሁለቱ እኩል ስለሚሆኑ ቁጥሩ አይነቃነቅም።»

«አንዱ ቢሞት እንግዲህ ግራፉ ላይ አይታይም?»

«አይታይም።»

ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቀች። እሱ የተኛውን መስመር በእርሳሱ ደግሞ ደጋግሞ አደመቀው። ሻዩን አልነካውም።

«ቲቸር፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ወንድሜ ሞተ» አለ። ድምፁ ያው የማስተማሪያ ድምፁ ነበር።

ልዕልት ከወንበሯ ተነሳች። «እማዬን ልጥራት?»

«ቆይ፣ እንጨርሰው። ነገ ፈተና ነው።»

ልጅቱ ግን ሄዳለች። ወይዘሮ ሮማንወርቅ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ፤ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ማን ይባላል?»

«ዳግማዊ።»

«ስንት ዓመቱ ነበር፣ የኔ ልጅ?»

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ዓለምሰገድ ወዲያው። ከዚያ ትዝ አለው። አሥራ ዘጠኝ የነበረው ጥሎት ሲመጣ ነው፤ ከመጣ አራት ዓመት አልፎታል።