ወተቱ የገነፈለ ለት

ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በአሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ወተት እንደሚፈላ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ተነግሯል። ሕንድ አገር ማዱራይ ያሉት የቫሱኪ አማት ካናካምባል ሰዓቱን በኮከብ ቆጣሪ አስቆርጠው፣ ገላቸውን ታጥበው፣ የሐር ሳሪያቸውን ለብሰው ስልኩ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስልኩ የጨው ዕቃውን ተደግፎ ቆሟል።

«ድስቱ አዲስ ነው?» አሉ።

«አዲስ ነው፣ እማማ» አለች ቫሱኪ።

«ምድጃውስ?»

«የአከራያችን ነው።»

አማት ከንፈራቸውን መጠጡ። ድምፁ ከማዱራይ ተነሥቶ ሲንጋፖር ድረስ ተሰማ።

አዲስ ቤት የገባ ሰው ወተት ጥዶ ያገነፍላል። ወተቱ ሞልቶ ከፈሰሰ ቤቱም ይሞላል። ካልገነፈለ ግን ቤት አይባልም፤ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ቫሱኪ እዚህ አገር ከገባች በሁለት ቤት ኖራለች፤ በሁለቱም ወተት አላገነፈለችም፤ ከሁለቱም «የቅመማችሁ ሽታ ግድግዳ ውስጥ ገባ» ተብለው ወጥተዋል። ይህ ሦስተኛው ነው። ከንጋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አቅቷት ንጹሑን ምድጃ ደጋግማ ወልውላዋለች።

ችግሩ ባሏ ኢላንጎ ነው። ቤቱን ያገኘው ለአከራይዋ ለማዳም ቴኦ ብዙ ምሎ ነው። «ከባድ ምግብ አንሠራም፤ ሰላጣ ነው የምንበላው» ብሏል፣ ሰላጣ ሲቀርብለት የሚያኮርፈው ሰውዬ። ማዳም ቴኦም ቁልፉን ሲሰጡት በአውራ ጣታቸው ወደ ጎረቤት በር አመልክተው ነበር፦ «ያ ሰውዬ ቤት ሲገባ አናናስ በበሩ አንከባለለ። ሀብት ተንከባሎ ይገባልኛል ብሎ እኮ ነው። የኛው ቻይና፣ ዩኒቨርሲቲ የበጠሰ። በኔ ቤት አጉል እምነት የለም፣ እሺ?»

«እኛም የተማርን ሰዎች ነን» ብሎ ኢላንጎ ለጎረቤቱ አብሮ አፍሮለት ነበር።

ወተቱ ጠርዝ ጠርዙን አረፋ ማውጣት ሲጀምር የበሩ ደወል ጮኸ። ኢላንጎ በቀዳዳው አየና ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ማዳም ቴኦ ናቸው። አጥፊው።»

«አላጠፋም።»

«ቫሱኪ፣ ሦስተኛ ቤታችን እኮ ነው።»

«ለዚህ ነው የማላጠፋው።»

ኢላንጎ ሌላ ማድረግ ሲያቅተው እናቱ ያሉበትን ስልክ በአፍጢሙ ደፋው። «ጨለመብኝ» አሉ እናቱ ከሥር።

ማዳም ቴኦ ትልቅ የገበያ ቦርሳ ደረታቸው ላይ አቅፈው ገቡ። «መስኮቱን ላየው ነው» አሉ።

«መስኮቱ ደህና ነው፣ ማዳም።»

«ደህናም ቢሆን ይታያል።» መስኮቱን ግን ዞረው አላዩትም። ቀጥ ብለው ወጥ ቤት ገቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቫሱኪ ቦርሳውን ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ ወደ ሆዳቸው አስጠጉት። «ተይው፣ የግል ዕቃ ነው።»

ከዚያ አፍንጫቸው ነቃ። «ምንድን ነው የተጣደው?»

«ወተት» አለ ኢላንጎ። «ለልጅቷ።»

«ይኼ ሁሉ?»

«ወተት ነፍሷ ነው።»

«አልወድም» አለች ልጃቸው ያዢኒ ከበሩ አጠገብ።

«እያስለመድናት ነው» አለ ኢላንጎ።

ከተደፋው ስልክ «ገነፈለ ወይ?» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ሬዲዮ ነው።»

ሬዲዮው አሳለ።

ማዳም ቴኦ አልሄዱም። ቦርሳውን እያሻሹ አንዴ የውጭውን በር፣ አንዴ ወለሉን ያያሉ፤ አንድ ነገር ሊሉ ይጀምሩና ይውጡታል። ቫሱኪ ለሳቸው ጊዜ አልነበራትም። ወተቱ ጀርባውን ማንሣት ጀምሯል። ኢላንጎ በቅንድቡ «አጥፊው፣ አጥፊው» ይላታል፤ ቅንድቡ ሊወልቅ ምንም አልቀረው። እጇን ወደ ማጥፊያው ሰደደች፣ ነካችው፣ መለሰችው። ወተቱ ሲነሣ ልቧም አብሮት ይነሣል።

«ይገነፍልብሻል» አሉ ማዳም ቴኦ።

«አዎ» አለች ቫሱኪ።

ወተቱ ነጭ ጉልላት ሠርቶ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ በአራቱም በኩል ወረደ። እሳቱ ላይ ተንጨረጨረ፣ ምድጃውን አለበሰ፣ ወለሉ ድረስ ተንዠቀዠቀ።

«ምድጃዬን!» ብለው ማዳም ቴኦ ብድግ አሉ። ቦርሳው ከጭናቸው ወደቀ።

ከውስጡ አናናስ ወጣ። የበሰለ፣ ቅጠሉ ላይ ቀይ ጥብጣብ የታሰረለት። እየተንገዳገደ ወለሉን አቋርጦ፣ በወተቱ መሀል አልፎ፣ ከምድጃው ሥር ሲደርስ ቆመ።

ስልኩ ብቻ «ገነፈለ?» አለ።

ቫሱኪ ስልኩን አቃናችው። «ገነፈለ፣ እማማ።»

አማት ከማዱራይ እልልታውን አቀለጡት።

ማዳም ቴኦ ጆሯቸው እንደቀላ ጎንበስ ብለው አናናሱን አነሡት፤ ወተቱን በቀሚሳቸው ጠረጉለት። የማንንም ዓይን ሳያዩ እስከ ውጭው በር ሄዱ፣ ኮሪደሩ ላይ ወጡ፣ ፊታቸውን መለሱና ቁጢጥ አሉ።

«የቅድሙ አይቆጠርም» አሉ። «ከደጅ ነው የሚጀመረው። እግራችሁን አንሡ።»

የተማረው ኢላንጎ ከሁሉም ቀድሞ አነሣ።