ያየውን የሚናገር ዜጋ

ፕሬዚዳንቱ ከውጭ እንግዶች ፊት ቆመው ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር መናገር ሲጀምሩ፣ የፕሮቶኮል ሹሙ የሱሪያቸው ዚፕ ተከፍቶ አየና ክው አለ።

«ከሁሉም ጋር ተባብረን እንሠራለን፤ ሰብዓዊ መብትን ግን ማንም አያስተምረንም» አሉ ፕሬዚዳንቱ። «በእኛ አገር ዜጋ ያየውን ያለ ፍርሃት ይናገራል።»

ሹሙ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው ሹክ ሊል ከጀለው። ግን ከእሱ በፊት የነበረው ሹም «ክራባትዎ ተጣሟል» ባለ በሳምንቱ፣ ስሟን እንኳ ሰምቶ ወደማያውቃት ደሴት አምባሳደር ሆኖ መሸኘቱ ትዝ አለው። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። ሚኒስትሮቹም ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ንግግሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ።

በማግስቱ ጠዋት የሚኒስትሮች ስብሰባ ነበር። ሹሙ በር ላይ ቆሞ እጅ ሲነሳ፣ መጀመሪያ የገቡት ሚኒስትር ዚፕ ተከፍቷል። የሁለተኛውም። የሦስተኛውም።

«ክቡርነትዎ፣ ዚፕዎ...» አለ ለአራተኛው በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አሉት ሳይቆሙ። «አንተ ትናንት የት ነበርክ?»

ሹሙ ግራ ቀኙን አየና የራሱን ቀስ ብሎ ከፈተ።

በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱ ገቡ። የእሳቸው ተዘግቷል።