የዱላው ጫፍ

ለምርመራ ወደ ጎባ ከተማ በመጣው፣ የዓይንን ውስጥ ፎቶ በሚያነሳው ካሜራ ፊት ባልየው ተቀመጡ። ሊመረመሩ አልነበረም። ዓይናቸው የደከመ ሚስታቸውን ከሪራ መንደር ድረስ በዱላ እየመሩ ያመጧቸው እሳቸው ናቸው፤ ሚስትየው የካሜራውን ብልጭታ ስለፈሩ፣ እንደማያምም ሊያሳዩዋቸው ነው። ካሜራውን የያዘችው ነርስ ለመከራከር አቅም አልነበራትም። ከጠዋት ጀምሮ ለመጣው ሁሉ «ምነው ቀድመው ቢመጡ ኖሮ» ስትል ውላ አፏ ደርቋል፤ እግሯም አብጧል። እሺ ብላ ፎቶ አነሳቻቸው።

«ወላሂ፣ ምንም የለውም! ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉ ሽማግሌው ኦሮምኛውን ከአማርኛ እየቀላቀሉ፣ ብልጭታው ያስነባውን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ሊነሡ እየተንጠራሩ። ሚስታቸው የዱላውን አንድ ጫፍ ይዘው ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ነርሷ በስክሪኑ ላይ የታየውን የሽማግሌውን ዓይን ፎቶ ልታጠፋው እጇን ሰደደችና ተወችው። ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች አጠገብ፣ በመርፌ ጫፍ የተነኩ የሚመስሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ያየችው የስኳር በሽታ ምልክት ነው፤ እንዲህ ገና ሲጀምር ግን ዛሬ ማንም ላይ አላየችውም።

«አባባ፣ ስኳር አለብዎ ተብለው ያውቃሉ?»

«እኔ?» ሳቁ። «ስኳሩ የእሷ ነው። እኔማ ከማዶ ያለችውን ላም ከነጥጃዋ እለያለሁ። ለእሷም የማየው እኔ አይደለሁ?»

ነርሷ ትከሻቸውን ያዝ አድርጋ መልሳ አስቀመጠቻቸው። «ቀድመው መጥተዋል» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አሁን ከታከሙ ዓይንዎ ይተርፋል።»

ሳቃቸው ቆመ። ሚስታቸው የዱላውን ጫፍ ለቀቁና ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«እኔ እቆያለሁ» አሉ ሚስትየው፤ «እሱን ደህና አድርገሽ እዪልኝ፣ ልጄ።»