ሁለትና ሦስት ሲጣሉ

የላቦራቶሪው ኃላፊ ሁለቱን የፈተና ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ በስክሪብቶው ጫፍ አንድ ቦታ ላይ መታ መታ ያደርጋል።

«የሰልፈሪክ አሲድ አንዱ ሞል ዘጠና ስምንት ግራም ነው። ሁለታችሁም ዘጠና ሰባት ብላችኋል። ሁለት ሃይድሮጅን ነበረው፤ አንዱን የት ጣላችሁት?»

ወረቀቴን አያለሁ። እውነቱን ነው፤ ስደምር አንዱን ሃይድሮጅን ዘልዬዋለሁ። የእሷን አያለሁ። እሷም እዚያው ላይ ዘላለች፤ ከዚያ በታች ያለው ስሌትም ቁርጥ የእኔው ነው።

«እንዲህ ያለ ስህተት መንታ አይወለድም» ይላል። «አንዳችሁ ኮርጃችኋል። የኮረጀችው ወደ ማሸጊያ ክፍል ትመለሳለች፤ ሁለተኛ እዚህ ለፈተና አትቀመጥም።»

እትዬ አጠገቤ ቆማለች። የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት። ሁለታችንም የዚህ ሳሙና ፋብሪካ አሻጊዎች ነን፤ የላቦራቶሪ ረዳት ቦታ ሲወጣ አብረን ተመዘገብን። «እህትዓለም፣ እኔ እኮ ኬሚስትሪ ሲባል ራሴን ያመኛል» ብትለኝ፣ ከእራት በኋላ ሳህኑን ገፋ እያደረግን አስተማርኳት። ፈተናውን የተፈተንነው አንድ አግዳሚ ላይ ነው። ወረቀቴን ማየቷን ግን አሁን ገና ማወቄ ነው።

ቢሆንም አልጨከንኩባትም። ፈርታ ነው፣ እላለሁ በልቤ። አብረን ስላጠናን ስህተቱንም አብረን ለምደነው ነው ብዬ ልዋሽላት አፌን እከፍታለሁ።

«እሷ ናት» ትላለች እትዬ ቀድማኝ። «ከእኔ ላይ ነው ያየችው።»

ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። ጨው አቀብዪኝ የምትለኝ በዚሁ ድምፅ ነው።

«ኧረ እትዬ!» እላለሁ።

ኃላፊው ይነሳና ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ አሉሚኒየም ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ሲሆን። «አመጣጥኑት። ፈተናውን የሠራችው ትታወቃለች። ትልቋ ትቅደም።»

አሁን ጉዷ ይወጣል ብዬ ደስ ይለኛል። ደስ ስላለኝ ደግሞ አፍራለሁ።

እትዬ ጠመኔውን ትይዛለች። «ኦክስጅን በግራ በኩል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይመጣል፤ በቀኝ ደግሞ ሦስት ሦስት ሆኖ ተቀምጧል» ትላለች። «ሁለትና ሦስት ሲጣሉ ሽማግሌያቸው ስድስት ነው። እሱ ጋ ሄደው ይታረቃሉ።» ከኦክስጅኑ ፊት ሦስት፣ ከኦክሳይዱ ፊት ሁለት ትጽፋለች። «አሁን በቀኝ አራት አሉሚኒየም ሆነ፤ እንግዲያው በግራም አራት።»

ቃል በቃል የእኔ ነው። አልገባ ሲላት፣ ማንኪያና ሹካ እየደረደርኩ፣ እያሳቅኳት ያወጣሁላት ነው። «ሽማግሌያቸው» ስትል እንኳ እንደኔው ቅንድቧን ሰቀል ታደርጋለች።

ለካ ገብቷታል። መኮረጅም አያስፈልጋትም ነበር።

ኃላፊው ይስቃል። «ዩኒቨርሲቲ እንኳ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ የለም!» ሰሌዳውን ያጠፋና ብረትና ክሎሪን ይጽፍልኛል። «በይ አንቺ።»

እጄ ሳላስበው ይጨርሰዋል።

«ትክክል። እንዴት እንደመጣ አስረጂኝ።»

እዚህም የተጣሉት ሁለትና ሦስት ናቸው። ሌላ አባባል እፈልጋለሁ፤ ምላሴ ላይ ያለው ግን ያው ነው። «ሁለትና ሦስት ሲጣሉ...»

«ይሄንንም ከእሷ?» ይላል ኃላፊው። አሁን አይስቅም።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት! ቤታችን፣ እራት ጠረጴዛ ላይ! እትዬ፣ በእናትሽ ንገሪው!»

እትዬ የጠመኔውን ብናኝ ከጣቶቿ ታራግፋለች። «ልጅ ናት፣ አይፍረዱባት» ትለዋለች፣ ለእኔ የምታዝን መስላ። «ትንሽ ቅናት ቢጤ ነው።»

ኃላፊው በሩን ያሳየኛል። ነጩን ጋዎን ከመስቀያው አውርዶ ለእሷ ይሰጣታል።

ተከታትለን ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ወንድሜ ቆሟል። ውጤታችንን ለመስማት ከሥራው አስፈቅዶ መምጣቱ ነው። «እህስ? ለማናችሁ እልል ልበል?» እጆቹን እያፋተገ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል።

እትዬ ጋዎኑን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታየኛል። አንድ ቃል ብናገር ዛሬ ማታ ያ ቤት ቤት አይሆንም።

«ሚስትህ አለፈች» እላለሁ።

ወንድሜ እልል እያለ ከመሬት ያነሳታል። በትከሻው ላይ ዓይኖቿ እኔን ይፈልጋሉ። ከናፍሯ «እህትዓለም» ይላሉ፣ ያለ ድምፅ። ከዚያ አንድ እጇን ከጀርባው አሳልፋ ወደ እኔ ትዘረጋለች፤ መዳፏ ተከፍቶ፣ አየር ላይ፣ እንደተዘረጋ ይቆያል።