ሠላሳ ሁለት ቁጥር

ለአንኮበሩ ክሊኒክ አዲስ የተሰጠው የስልክ ቁጥር ሠላሳ ሁለት ነበር። የደብረ ብርሃን ስልክ ማዞሪያ ሠራተኛዋ ይመኙሻል ግን ሠላሳ ሁለት ላይ ገመዱን በሰካች ጊዜ ሁሉ የሚያነሳላት ወፍጮ ቤቱ ነው። ትናንት ሚስቱን ምጥ ያጣደፋት ሰው ነርስ ፍለጋ ሦስቴ ደውሎ ሦስቴም ወፍጮ ቤቱን አገኘ። ዛሬ መስመር ጠጋኙ ፈረጅ በማለዳ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሄደ። ይመኙሻል ተቀምጣ መዋል አቃታት፤ ትነሳለች፣ መስኮቱን ታያለች፣ ትመለሳለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሁሉ ለውይይት ክበብ ወጥቶ ብቻዋን ሳለች፣ ፈረጅ ጫማው ጭቃ እንደለበሰ ገብቶ ከኋላዋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ተስተካከለ ጋሽ ፈረጅ?»

«አልሆነም። ተይው፣ አትነካኪው።»

አላስችል አላትና ሰካችው።

«አሎ!» አለ አንድ ድምፅ እያለከለከ። «ይመኙ? ፈረጅ ነኝ፣ ከክሊኒኩ። እኔ የቀጠልኩትን ሽቦ አንድ ሰውዬ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለ ሲፈታብኝ ዋለ። አሁን ገና ሄደልኝ።»

ከኋላዋ አግዳሚው ሲጢጥ አለ።

«የተሳሳተ ቁጥር ነው በይውና ንቀይው» አላት ያው ድምፅ፣ ከኋላዋ ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ።