የአባ በርናርዶስ አጥንት

የታኅሣሡ በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የቆቦው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ሙላው መምህር ይሁኔን ቢሮው አስጠራው። ጉዳዩ ከዋጃ ወዲያ፣ በማሽላ ማሳ መሀል ያለው፣ በዓሉ የሚከበርበት የካቶሊኮች መሳለሚያ ነበር።

«ታሪኩን ጻፍልኝ» አለው። «ፈረንጁ ቄስ አባ በርናርዶስ የኢምፔሪያሊዝም ሰላይ እንደነበረ፣ መቃብሩም ማጭበርበሪያ እንደሆነ። የሙስሊሙን ነገር ግን እንዳትነካካ። አብዮቱ ሃይማኖትን እኩል አድርጓል ብለን በአደባባይ ተናግረናል።»

«ማስረጃ ባጣስ?»

«ባታገኝማ ለሰሜን ጦር ግንባር ካድሬ ላኩ ተብለናል።»

ይሁኔ የታሪክ መምህር ነው። ጠመንጃ የያዘው አንድ ቀን፣ ያውም ፎቶ ሊነሣበት ነበር። ሚስቱ ደመቀች ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ገብቷል። ስለዚህ በማግስቱ ዋጃ ወረደ።

አገሬው የሚያወራው ታሪክ አጭር ነበር። ቄሱ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ከደጋ ተሰደው ራያ ቆላ ገቡ፤ የሰው ዓይን እያከሙም ጥቂት ዓመት ተቀመጡ። በኋላ የማኅበራቸው ሰዎች ከባሕር ጠረፍ ሊወስዷቸው ሲመጡ፣ አገሬው «በወባ ሞቱ» ብሎ ከዋርካ ሥር የድንጋይ ክምር አሳያቸው። እነሱም አልቅሰው አጠገቡ ጸሎት ቤት ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ያመመው ሁሉ፣ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም፣ እዚያው ይሳላል። ወሎ ነውና ማንም ማንን አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ አይልም።

የጸሎት ቤቱን ቁልፍ የሚይዘው ታሂር የሚባል ሽማግሌ የማሽላ ገበሬ ነበር። ከአባቱ ነው የወረሰው፤ አባቱም እንዲሁ። ይሁኔ የመንገዱ አቧራ ዓይኑን አቅልቶት ሲደርስ ሽማግሌው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ አስቀመጠው፣ የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጎ ቅጠል ጨመቀለት።

«እጅህ ቀላል ነው፣ ጋሽ ታሂር። ከማን ተማርከው?»

«የቤት ሙያ ነው። ወደ ላይ እይ።»

«እስቲ ንገረኝ፣ አንተ ሙስሊም ነህ። የካቶሊክ መቃብር መጠበቅ ምን ያደርግልሃል?»

«ለአያቴ የተገባ ቃል አለብን።»

«ብንቆፍረውስ?»

የታሂር እጅ ቆመ። እንደ ድመት አረንጓዴ የሆኑ ዓይኖቹን ሰበር አደረገ። «ኧረ ተው የኔ ልጅ። የሞተ ሰው ምን አደረገህ?»

ይሁኔ ወደ ቆቦ ሲመለስ ልቡ ደስ ብሎት ነበር። ሦስት ትውልድ በነፃ ዘብ አይቆምም። ከድንጋዩ ሥር የብር ጽዋ፣ ምናልባትም የወርቅ መስቀል አለ፤ ይህ ዓይኑን የሚሰብር ሽማግሌም የት እንዳለ ያውቃል። ሙላው ነገሩን ሲሰማ እጁን አፋተገና ቁፋሮው በበዓሉ ቀን፣ ሕዝብ ፊት እንዲሆን አዘዘ።

በዋዜማው ታሂር እስከ ቆቦ ድረስ መጥቶ ይሁኔ ደጅ ቆመ።

«ወላሂ ለኔ ብዬ አይደለም። ላንተም አይበጅህም።»

«ታስፈራራኛለህ?»

«እለምንሃለሁ እንጂ።»

የሌባ ልመና ነው አለ ይሁኔ በሆዱ፣ በሩን ዘጋው።

በበዓሉ ቀን ሚሊሻዎቹ ክምሩን ፈንቅለው ወገብ እስኪደርስ ቆፈሩ። ጽዋ የለም። መስቀል የለም። አጥንት የለም፤ አፈሩ ራሱ ዶማ ነክቶት የማያውቅ ድንግል አፈር ነው። ይሁኔ መጀመሪያ ከፋው። ወዲያው ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እንደሌለ ገባውና አፈሩ ላይ ወጣ።

«አያችሁ? ባዶ ነው። መቶ ዓመት ሙሉ የተሳለማችሁት ባዶ መሬት ነው።»

ተሳላሚው ወደ ጉድጓዱ ተጠጋ። ከፊት የቆመችው ታንጉት የምትባል የሮቢት ጠላ ሻጭ ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን አየችና አማተበች።

«እውነትም ባዶ ነው» አለች። «ታዲያ ዐርገዋል በሉኛ።»

እልልታው ዋጃ ድረስ ተሰማ። ሰዉ አፈሩን በነጠላው ጫፍ ይቋጥር ገባ፤ አንዱ ሚሊሻም ቆቡን አውልቆ ሞላ። ይሁኔ «ኧረ ስሙኝ» ቢል የሚሰማው ጠፋ። በሚቀጥለው ሳምንት ከአላማጣም ከወልድያም አውቶቡስ ሞልቶ መጣ።

«ሰውየውን ወደ ሰማይ የላክኸው አንተ ነህ» አለው ሙላው፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሣ። «አጥንቱን ይዘህልኝ ና። አለዚያ ሐሙስ ወደ ግንባር የሚሄድ መኪና አለ።»

ይሁኔ ታሂር ደጅ ሲደርስ አፍሮም ፈርቶም ነበር።

«ባዶ መሆኑን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር። አይበጅህም አልኩህ።»

«ሰውየው የት ነው የተቀበረው? ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ ጋሽ ታሂር። አጥንቱን ብቻ አሳየኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ታሂር በነዚያ አረንጓዴ ዓይኖቹ ትክ ብሎ አየው፤ በዚህ ጊዜ አልሰበራቸውም። ከግድግዳው ዶማ አንሥቶ አስያዘውና ቀድሞ ወጣ። በማሽላው መሀል አልፈው ከመስጊዱ ጀርባ ካለው የሙስሊሞች መቃብር ገቡ። ሽማግሌው ጫማውን አወለቀ፣ አንድ አሮጌ መቃብር ራስጌ ቆሞ መዳፎቹን ዘረጋ፣ ፋቲሃ አድርሶ ፊቱን አበሰ።

«እኚህ አያቴ ሼህ ኢብራሂም ናቸው» አለው። «ከደጋ ሲወርዱ ስማቸው አባ በርናርዶስ ነበር። በል ቆፍር።»